እስከ ኢሶኖ ትከሻ

የካቲት 2

ደረስን። አውቶቡሱ ከድልድዩ በላይ አልወጣም፤ በረዶው መንገዱን ዘግቶታል። ከዚያ በእግር። አክስቴ ፉሳ ሩዙን ተሸከመች፣ እኔ በደህናው እጄ ብርድ ልብሱን። የማረፊያው እመቤት ደጅ ድረስ ወጥተው ጎንበስ ብለው ተቀበሉን። "በዚህ ብርድ! ግቡ፣ ግቡ፣ እግራችሁን አሙቁ።" ክፍላችን በወንዙ በኩል ነው። ግድግዳው ወረቀት ስለሆነ የጎረቤት ሳል ከእኛ ጋር የሚያድር ይመስላል። ሁሉም ነገር የተቀቀለ እንቁላል ይሸታል። ፍል ውሃው ነው።

የካቲት 3

ለምን እንደመጣን ልጻፈው።

ካቻምና ምድጃው ዳር እጅጌዬ ተቀጣጠለ። ቁስሉ ድኗል። ቆዳው ግን ተኮማትሮ ቀኝ ክንዴን ወደ ታች ይዞ ቀረ፤ ከደረቴ በላይ አይነሳም። አምና ሴቶቹ ሁሉ መሰላል ላይ ወጥተው ለጋዎቹን ፖሞች ትል እንዳይበላቸው ወረቀት ሲያለብሱ እኔ ከታች ቆሜ ወረቀት አቀብል ነበር። አባቴ አምና ምንም አላለም። ዘንድሮ ግን አለ። "ዛፎቹ እስኪያብቡ ክንዷ ካልተነሳ ከተማ ትሂድ። ነጋዴው ቤት ሕፃን ትጠብቅ።" ለእኔ አይደለም ያለው፣ ለአክስቴ ነው። እኔ ከበሩ ኋላ ነበርኩ።

ክፉ ሰው አይደለም። ግን ከተማ... ሰው ፊት አፌን መክፈት የማልችል ልጅ፣ ከማላውቀው ሰው ቤት?

አክስቴ "ፍል ውሃ ቆዳ ያለሰልሳል፣ አንድ ክረምት ስጠኝ" ብላ ለመነችው። ስለዚህ መጣን። መድኃኒቱ ውሃው ውስጥ መግባት ነው። ውሃው ውስጥ ደግሞ ሰው አለ።

የካቲት 4

ተዋረድኩ።

ከረፋድ ጀምሮ የሴቶች ሰዓት ነው። ክንዴ እንዳይታይ ፎጣዬን ትከሻዬ ላይ ጠቅልዬ ገባሁ። "አንቺ ልጅ! ፎጣ ውሃ ውስጥ አይገባም!" አለች አንዲት ትልቅ ሴትዮ። "እኛ ታጥበን የገባንበትን ውሃ በጨርቅ ልታጥቢልን ነው?" አጠገቧ ያሉት አሮጊት ሳቁ። ሁሉም ዞሮ አየኝ። ወጥቼ ሮጥኩ። ልብሴን ገልብጬ እንደለበስኩ ያወቅኩት ክፍል ከደረስኩ በኋላ ነው።

ትልቋ ኢሶኖ ትባላለች አለችኝ አክስቴ። ከባሕር ዳር ናት፣ ዓሣ ታደርቃለች። ቁመቷ በር ያህላል። አሮጊቷ እማማ ቶራ ናቸው፣ በየክረምቱ ለጉልበታቸው የሚመጡ። ከወረቀቱ ማዶ ያሉት ጎረቤቶቻችንም እነሱ ናቸው። ሳሉ የእማማ ቶራ ነው ማለት ነው።

የካቲት 5

አክስቴ መላ አገኘች። ሌሎቹ ምሳ ሲያበስሉ እኔ እገባለሁ፣ እሷ በሩ ላይ ትቆማለች። ገባሁ። ብቻ ሲሆኑ ገንዳው ሰፊ ነው። ግን ጆሮዬ በሩ ላይ ነው። ኮቴ በሰማሁ ቁጥር እነሳለሁ። ሳልሞቅ ወጣሁ።

የካቲት 8

ክንዴ ያው ነው። ቀኑን ሙሉ በረዶ።

የካቲት 9

አክስቴ ታመመች። እሷም በየቀኑ ውሃው ትገባ ነበር። ራሷን ያዞራታል፣ ምግብ አይወርድላትም። እማማ ቶራ ከግድግዳው ማዶ ጮኹ፤ "ውሃው መትቷት ነው! መድኃኒት ሲጀምር ያሳምማል። ዛሬና ነገ ውሃ የለም፣ ተኚ!" አክስቴ "እሺ እማማ" አለች። ቀስ ብላ ደግሞ ለእኔ፤ "ለመተኛት ቢሆን እቤቴ አልተኛም ነበር?"

በሩ ላይ የሚቆምልኝ ስለሌለ አልገባሁም። ያሳዘነኝ የአክስቴ ሕመም ነው ወይስ በሩ?

የካቲት 10

ካልሲዬ እስኪደርቅ ልጻፈው።

አክስቴ እምቢ ብላ ገባች። እኔ ልብስ ማውለቂያው ክፍል ልብሷን ታቅፌ ተቀመጥኩ። ኢሶኖና እማማ ቶራ ከወዲያኛው ጥግ፣ ውሃው ከላይ የሚወርድበት ቦታ ነበሩ። አክስቴ ስትገባ ታንጎራጉር ነበር። ከዚያ ዝም አለች።

"አክስቴ?"

መጋረጃውን ገልጬ ሳይ ራሷ ወደ ጎን ዘንበል ብሏል፣ አገጯ ውሃ ነክቷል። ከነልብሴ ገባሁ። ከነካልሲዬ! በግራ እጄ ራሷን ያዝኩ። በቀኙ ልደግፋት ብል እምቢ አለኝ። እንኳን እሷን፣ ራሱንም አይሸከም። አገጯ እንደገና ሰመጠ። ያኔ ጮህኩ። እኔ! "እትዬ ኢሶኖ! ድረሱልኝ!"

እንደዚያ ያለ ድምፅ እንዳለኝ አላውቅም ነበር።

ኢሶኖ መጣችና አክስቴን እንደ ዓሣ ቅርጫት ብድግ አደረገቻት። ፊቷ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ። አክስቴ ዓይኗን ገልጣ መጀመሪያ ያለችው "ፀጉሬ ረጠበ?" ነው። እማማ ቶራ ሳቃቸውን ለቀቁት። ከዚያ ኢሶኖ ወደ እኔ ዞረች። እኔ አሁንም ውሃው ውስጥ ቆሜያለሁ።

"እዩልኝ ይቺን ልጅ! ፎጣ አይገባም ብላት ቁም ሳጥኑን ይዛ ገባች!"

ሳቃቸው ጣሪያውን ነቀነቀው። እኔም ሳቅኩ መሰለኝ። ወይስ ማልቀስ ነበር?

እጅጌዬ ወደ ላይ ተጠቅልሎ ነበር። ኢሶኖ ክንዴን ይዛ እንደ ገበያ ዕቃ አገላብጣ አየችው። "እሳት?" "እሳት።" "የወንድሜ ፊቱ ላይ ነው። እንደዚያም ሆኖ ሁለቴ አግብቷል።" እማማ ቶራ፤ "ሁለቴ ማግባት ሙያ ሆነና! እኔ አንዴ አግብቼ አይደል ጉልበቴ ያለቀው?" ከዚያ ወሬው ስለ ጉልበት ሆነ። የእኔ ክንድ ነገር በዚያው አለቀ።

ይኸው ነው? ለዚህ ነው ሁለት ዓመት የተደበቅኩት?

የካቲት 12

አክስቴ ተሽሏታል፣ ሾርባ ጠጣች። ኢሶኖ "ቤቶች" ብላ መልስ ሳትጠብቅ ገባች። "ልጅቷን ስጪኝ። ከእኛ ጋር ትገባለች።" ወደ እኔም፤ "ክንድሽን ውሃ ውስጥ አስቀምጦ መጠበቅ አይበቃም። ሥራ ይፈልጋል። ጀርባችንን ታሺናለሽ፣ በዚያ በማይነሳው እጅ። ከአጭሯ እንጀምር።"

"አጭሯ ማን ናት?" የሚል ድምፅ ከግድግዳው ማዶ።

ገንዳው ዳር እማማ ቶራ ትንሿ የእንጨት መቀመጫ ላይ ተቀመጡ። ከወገባቸው ጀመርኩ። "ወደ ላይ! የሚበላኝ ትከሻዬ ላይ ነው።" አልደረሰም። "ግዴለም" አሉ፣ "ይብላኝ እንግዲህ። እስክትደርሺ እጠብቃለሁ።"

የካቲት 15

የእማማ ቶራ ትከሻ ላይ ደረስኩ! ቆዳዬ የሚቀደድ መስሎኝ ነበር። ግን ደረስኩ። "እፎይ! አመጣጥሽን አይቼ እኮ ተስፋ ቆርጬ ግድግዳ ልታከክ ነበር" አሉ።

የካቲት 16

"ምን አስቸኮለሽ?" አሉኝ እማማ ቶራ። ነገርኳቸው። ስለ ፖሞቹ፣ ስለ አባቴ፣ ስለ ከተማው። ሁሉንም። ለሰው ይህን ያህል አውርቼ አላውቅም። አፌ ደረቀ።

ኢሶኖ አሰበች። "ዛፉ ስንት ይረዝማል?"

"ከእትዬ ይበልጣል።"

"ከእኔ የሚረዝም? ምነው ወንድ በሆነ!" ሁለቱም ሳቁ፤ እሷ ግን ሳቋን ቀድማ አቆመች። "ክንድ ከራስ በላይ ተነስቶ የሚሠራ ሥራ ነው። ቀኑን ሙሉ።"

"አዎ።"

"ገና ነሽ።"

አልዋሸችኝም። ደስ አለኝ። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

የካቲት 20

ወደ ኢሶኖ ጀርባ ተዛወርኩ። እሷ ድንጋዩ ላይ ትቀመጣለች፣ እኔ ከኋላዋ እንበረከካለሁ። ጀርባ አይደለም፣ ሜዳ ነው። እስከ መሃሉ ብቻ።

የካቲት 24

ክንዴ ዛሬ ትናንት የደረሰበት እንኳ አልደረሰም። ኢሶኖ "ማዕበልም ይመለስና ደግሞ ይመጣል" አለች። ተናደድኩባት። ባሕር አይቼ አላውቅም።

የካቲት 27

ኢሶኖ ትከሻ ደረስኩ። ከዚያ በላይ እምቢ አለ፣ ግን ትከሻዋ ላይ ነው ያለው! ለአክስቴ ልነግራት ወደ ክፍል ብሮጥ ዕቃ እየሸከፈች ነው። መልእክት መጥቷል፤ የምራቷ የመውለጃ ቀን ደርሷል። ነገ እንሄዳለን።

የካቲት 28

ጠዋት ሻይ እየጠጣን አክስቴ "ትከሻ ማለት ትልቅ ነገር ነው" አለች። "ለአባትሽ እኔ እነግረዋለሁ።"

"ትከሻ መሰላል አይወጣም" አልኩ።

"ታዲያ ምን ላድርግ የኔ ልጅ? የምትወልድ ሴት ቆይልኝ አትባል።"

ሌሊቱን ሙሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር። ጠፋብኝ። የወጣው "እኔ ልቆይ" ብቻ ነው።

የአክስቴ እጅ የጭነቱ ገመድ ላይ ቆመ። "ከማን ጋር?"

"ከእነሱ ጋር።"

ከማዶ ሳሉ እንኳ ቆመ። እየሰሙ ነው።

"ሩዝ ሲያልቅብሽ ማን ይጠይቅልሻል? ሲያምሽ ማን ይናገርልሻል? አንቺ ንብ ብትነድፍሽ ዝም የምትይ!"

"እናገራለሁ።"

"ክንድሽ ካልተነሳስ?"

አሰብኩ። "ያኔ ከተማ እሄዳለሁ። ግን ሳልሞክር አልሂድ።"

"ፉሳ!" አሉ እማማ ቶራ ከማዶ። "ሩዝ እኛ አለን! ልጅቷን ተዪልን፣ ጀርባዬ ለምዷታል!"

"እማማ፣ የሰው ወሬ ማዳመጥ ነውር ነው!"

"ግድግዳውን ወረቀት ያደረግኩት እኔ ነኝ?"

አክስቴ ሳቀች። ከዚያ ዓይኗን ጠራርጋ የእኔን ብርድ ልብስ ከጭነቱ ፈታችው።

ድልድዩ ድረስ ሸኘኋት። "አባትሽን ምን ልበለው?" አለች። "ክንዷ ገና እየወጣ ነው በዪው" አልኩ። አውቶቡሱ ሲዞር እጇን አውለበለበች። እኔም አውለበለብኩ። በቀኙ።

ከምሳ በኋላ ወደ ውሃው ሄድኩ። ኢሶኖ ዕቃ ልትገዛ ወርዳለች፣ እማማ ቶራ ተኝተዋል። ከታችኛው መንደር አዲስ እንግዶች ገብተዋል፤ የማላውቃቸው ሴቶች ገንዳውን ሞልተውታል። ዞረው ክንዴን አዩት። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ፣ ቀዝቃዛው አየር ከኋላዬ ይገባል። የሚገባበት ቦታ የለም። ተመልሼ መሄድ እችላለሁ... ማንም አያውቅም።

"ጠጋ በሉልኝ" አልኩ።

ጠጋ አሉ።