የመበለቷ ማሳ

ሰኔ 29

«ኮኪት ውስጥ ወንጌል የገባው ሰው ቢኖር መምህር ይርዳው ነው።»

ከቅዳሴ ስንወጣ ከኋላዬ የሰማሁት ነው። ተናጋሪዋ ጎረቤቴ ዘሀቢያ፣ አድማጯ ሀብትነሽ። ሁለቱም ሳቁ። ደስ ብሏቸው ይሆናል። እኔም አመንሁ፤ ሰው መስክሮ ሲያበቃ መከራከር ነውር ነው። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ የየወቅቱን ንባብ ከነሐሳቤ እዚህ አሰፍራለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የማርመው ደብተር የለኝም።

የዛሬው ዘሪው ነው። አንዱ ዘር መንገድ ዳር ወደቀ፣ አንዱ ጭንጫ ላይ፣ አንዱ እሾህ መካከል፣ አንዱ መልካም መሬት ላይ። እኔ የትኛው እንደሆንሁ ከላይ ካለው ምስክርነት መረዳት ይቻላል።

ሐምሌ 20

ትናንት የዘሀቢያም ሰሊጥ ተዘራ። የእኔ ከተዘራ ሳምንቱ። ትራክተሩ የእኔን ጨርሶ ወደ እሷ ሲሻገር ነበር ዝናቡ የወረደበት፤ ዋልካው ጎማውን ይዞ አለቅም አለ።

ዝናቡ ሳይወርድ ባለትራክተሩ ከረጢት ሲያወርድ አንድ ጣሳ የሚሆን ዘር መንገድ ላይ ደፋ። ወፎቹ ወዲያው ደረሱ። ወንጌሉ ቃል በቃል ሲፈጸም በማየቴ ደስ አለኝ... ከረጢቱ የእኔ መሆኑን እስካስታውስ ድረስ።

ነሐሴ 18

እጓለ ቋዓት። የማይዘሩ የማያጭዱ የቁራ ጫጩቶች፣ እግዜር የሚመግባቸው።

ዘሀቢያ አረም ላይ ሆና ነገረችኝ። ልጇ ሃይሚ ከጎንደር ደውላ «እማ፣ ነይ ከእኔ ጋር ኑሪ» ብላታለች።

«አምና ሰሊጤ እንዴት እንደረገፈ አይተዋል። ዘንድሮም ካልሆነልኝ እሄዳለሁ መምህር። ባሌ ከሞተ ወዲህ እዚህ ቆላ ምን አለኝ?»

ሙቀቱ አለ ልላት ነበር። ቤት ገብቼ ንባቡን ደገምሁት። ቁራዎቹ ጎንደር ስለመግባት ያነሱት ነገር የለም።

መስከረም 30

ዘመነ ጽጌ። የሜዳ አበቦችን ተመልከቱ፣ አይደክሙም፣ አይፈትሉም ይላል። ተመልከቱ ከተባለ መመልከት ነው። ሄድሁ። የሰሊጥ አበባ ነጭ ነው፣ ሐምራዊ ነካ ያደርገዋል፣ አንገቱን ደፋ ያደርጋል። የእኔን አይቼ ስጨርስ የዘሀቢያን ለማየት ተሻገርሁ። በዚያ በኩል የበለጠ ያምራል። ምክንያቱን ገና አልመረመርሁም።

ጥቅምት 19

የእኔ ማሳ ከሥሩ ቢጫ ሆነ፤ ቅጠሉን አራግፏል። የሰሊጥ ፍሬ አንዴ አፉን ከከፈተ ትንሽ ነፋስ ይበቃዋል፤ የዓመት ልፋት መሬት ላይ ነው። አጫጅ ደግሞ የለም። ከደጋ ለአጨዳ የወረደው ሳሉግ፣ የቀን ሠራተኛው ሁሉ፣ በትልልቆቹ እርሻዎች ተይዟል።

ያለውም በዓል ያከብራል። ሚካኤል፣ ኪዳነ ምሕረት፣ ዛሬ ገብርኤል፣ ከነገ ወዲያ ማርያም፣ ከዚያ ጊዮርጊስ፣ ከዚያ ተክለ ሃይማኖት... ጎጃሜው የተወውን ወሎዬው ይይዘዋል። እኔም አከብራለሁ። የማያከብር ሰሊጡ ብቻ ነው።

ለእኔስ ጡረታዬ አለ። ዘሀቢያ ግን ዕቃዋን መጠቅለል ጀምራለች።

ጥቅምት 20

ሸሕዲ ሄድሁ። መናኸሪያው አጠገብ፣ አጫጅ በሚቆምበት፣ ባዶ ነው። ተስፋ ቆርጬ ልመለስ ስል፣ ልክ በአሥራ አንድ ሰዓት፣ ከጎጃም ገና የገቡ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች።

«ስለምን ሥራ ፈታችሁ ቆማችኋል?» አልኋቸው፣ እንደ ወይኑ ቦታ ጌታ።

«አውቶቡሱ ጎማ ፈንድቶበት ነው» አለ አለቃቸው ያረጋል። ወንጌሉ ላይ ይህ መልስ የለም።

አይሱዙ ላይ ጭኜ ኮኪት ልንደርስ ስንል፦

«ጋሼ፣ ነገ ማርያም ናት። አንሠራም።»

«ይኼን ሸሕዲ ላይ አትነግረኝም?»

«እዚያማ ብነግርዎ ይጭኑን ነበር?»

ቄስ ገብረማርያም ዘንድ ሮጥሁ። «ለራስህ ከሆነ አይሞከርም። ለመበለት ከሆነ ግን ጽድቅ ነው፤ ድሮም በበዓል የመበለት ማሳ ይታጨዳል» አሉኝ። ያረጋልም ለጽድቅ ከሆነ እሺ አለ። ማሳውን መንገድ ላይ ያገኛችሁትን ብትጠይቁ ያሳያችኋል አልሁት፤ እኔ ቅዳሴ አለብኝ።

ለዘሀቢያ ነገርኋት።

«የእርስዎስ?» አለች።

«የእኔ ገና ነው፤ ይጠብቃል።»

ዋሸሁ። ግን ምን ዓይነት ደስታ ነው ይኼ? ማጭዱ የሌላ፣ ጉልበቱ የሌላ፣ ቀኑም የማርያም... ምጽዋቱ ግን የእኔ።

ጥቅምት 21

ዘሀቢያ ቅዳሴ አርፍዳ ገባች። ነጠላዋ ጫፍ ላይ ደረቅ የሰሊጥ ቅጠል ተጣብቋል። ማሳዋ አሳስቧት አይታ መጣች ማለት ነው። ማስተማር የለመደ ዓይን ምንም አያመልጠውም።

እንደወጣን አብረን ወደ ማሳ ሄድን። ሃያው ሰው እያንጎራጎረ ያጭዳል። ነዶው በሰልፍ ቆሟል። ግማሹ አልቋል። የእኔ ማሳ።

«ያረጋል! ይኼ እኮ የእኔ ነው!»

«የመበለቷ አይደል?»

«አይደለም!»

ያረጋል ቀና ብሎ ወደ እኔ አየ፣ ከእኔ ወደ ኋላዬ አየ፣ ማጭዱን ትከሻው ላይ ሰቀለ።

«እርስዎ ሚስት አለዎት?»

«ካረፈች ዘጠኝ ዓመቷ።»

«እንግዲያ ጽድቁ አልጠፋም» አለና ወደ አጨዳው ተመለሰ።

አቁሙ ማለት ነበረብኝ። የቀረው ፍሬ አፉን ከፍቶ ያየኛል... አላልሁም። ኮቴን አወለቅሁ፣ ማጭድ ተቀበልሁ። በማርያም ቀን የራሱን ሰሊጥ ያጨደ አንድ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ። ዘሀቢያ ጃንጥላዋን ተደግፋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«እቴ መበለቷ! እግዜር ያጥናዎት!»

ጥቅምት 25

ጊዮርጊስም ተክለ ሃይማኖትም አለፉ። ዛሬ በሥራ ቀን፣ ለእኔ የተቀጠሩት ሃያውም ዘሀቢያ ማሳ ላይ ዋሉ። ያረጋል ፍሬውን በጣቱ ፈልፍሎ አየና «ይኼ በማርያም ቢታጨድ ጥሬ ነበር። ልኩ ዛሬ ነው» አለ።

ተሳስተው ልክ ሆኑ። መጽሐፍ በእንዲህ ያለ ነገር የተሞላ ነው።

ኅዳር 10

የዘሀቢያ ሂላ፣ የነዶው ክምር፣ ተራገፈ። የደረቀው ነዶ ተገልብጦ መታ መታ ሲደረግ ሰሊጡ ሸራው ላይ እየዘነበ... ድምፁን ዓይኔን ጨፍኜ ሰማሁ።

«ለሃይሚ ደወልሁላት» አለች አቧራዋን እያራገፈች። «አልመጣም አልኋት።»

ዘመነ አስተምህሮ ነው። ዛሬ ግን የማስተምረው የለኝም።

መጋቢት 13

ገብር ኄር። አንድ መክሊት ተቀብሎ የቀበረው ሰነፍ ባሪያ። ሁልጊዜ አዝንለት ነበር፤ ቢያንስ አልጠፋበትም እያልሁ። ዛሬ አላዘንሁለትም። እኔስ ኅዳር ላይ፣ ያ ሸራ አጠገብ፣ ልናገር የነበረውን የት ቀበርሁት?

ሚያዝያ 19

ወደ ዘሀቢያ ሽማግሌ ላክሁ። ሁሉም በዕድሜ ያንሱኛል። ዋናው ባየልኝ ስምንተኛ ክፍል ጂኦግራፊ የጣልሁት ተማሪዬ ነው።

ይዘው የተመለሱት፦ «ወንጌሉን ጨርሰው ነው ወይስ ገና ናቸው?»

ጨርሻለሁ በሏት አልሁ። መልሰው ሄዱ። ባየልኝ ሲመለስ ፊቱ ላይ ፈተና ያለፈ ልጅ ደስታ ነበረበት።

ሰኔ 28

ዘሪው ደግሞ ደረሰ። ከቅዳሴ አብረን ወጣን፤ እሷ በሴቶች በር፣ እኔ በወንዶች፣ ዋርካው ሥር ተገናኝተን። በሁለቱ ማሳ መካከል የነበረውን ድንበር ትራክተሩ አርሶታል። አሁን የትኛው የማን እንደነበር እኔም አለየውም።

ከሰዓት ያረጋል መጣ። ዘንድሮ ከአረሙ ጀምሮ ሊሠራልን። ራኩባው ዳስ ሥር አስቀምጬ የዓመቱን ንባብ ተረክሁለት፦ መልካሙን መሬት፣ የእኔን ማሳ ትቼ የመበለቷን ማስቀደሜን፣ የእነሱን ስሕተት፣ እግዜር ያንኑ ስሕተት እንዴት እንዳቃናው። በትዕግሥት ሰማኝ። ዘሀቢያ ውኃ ልታመጣ ስትገባ ወደ እኔ ጠጋ አለ።

«ጋሼ፣ አሁን አንድ ቤት ሆናችኋል፤ ልናገር። እስካሁን ያልነገርሁዎ ያን ዕለት ከኋላዎ ቆመው በዓይናቸው ዝም በል ስላሉኝ ነው።»

«ማን?»

«እሳቸው ናቸዋ። ጠዋት መንገድ ላይ ያገኘነው እሳቸውን ነው። የመበለቷ ማሳ የቱ ነው አልናቸው። በጃንጥላቸው የእርስዎን አሳዩን።»