ለቀኝ አውራ ጣት የሚሆን ጌም

ኅዳር 3፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት

ከቁርስ በፊት ሁለት ደረጃ። ጦጣዋ ገደሉን ዘለለች፣ ሙዝ ለቀመች፣ እባቡን ረግጣ አለፈች። አሁን ደረጃ 38 ላይ ነኝ። ሁለት ቀሩኝ።

አንቺ ደብተር፣ ቄሱ ጌም ይጫወታል ብለሽ ለማንም እንዳታወሪ። መድኃኒቴ ነው። ነሐሴ መጨረሻ ከበቅሎ ወደቅሁ፤ ቀኝ እጄ ከአንጓው ተሰበረ። ጀሶው ከተፈታ ወዲህ አውራ ጣቴ እንጨት ሆኗል። ሐኪሙ ካላሠሩት እንደ ደረቀ ይቀራል አለኝ። የጨርቅ ኳስ ጨብጥ ተባልሁ፤ ሰለቸኝ። ልጄ ይታይሽ አሮጌ ስልኳን ሰጠችኝ፣ ዝላይ ያለበት ጌም ጭና። ከደብረ ኤልያስ መጥቼ ደብረ ማርቆስ እሷ ቤት የሰነበትሁትም ለዚሁ እጅ ነው። የምጽፈው በግራ። ዶሮ የጫረችው ይመስላል፤ ስለዚህ አጭር።

ኅዳር 5፣ ማታ

ጨረስሁ! ደረጃ 40! ጦጣዋ ልጆቿን አገኘች። ብቻዬን ሳቅሁ። ይታይሽ ከሥራ ስትገባ ነገርኋት፤ እልል አለችልኝ። በ54 ዓመቴ እንዲህ ስኮራ... ይቅር ይበለኝ።

ቀጣዩስ? ይታይሽ ሞባይል ቤት ጠይቃ ሦስት አምጥታለች። የኔ ስልክ ሜሞሪ ጠባብ ነው፤ ጦጣዋ ወጥታ አንድ ብቻ ይገባል። ነገሩ ማሰብ ይፈልጋል።

ኅዳር 7

ሦስቱንም በእሷ ስልክ ሞከርሁ።

ባለ ሰይፉ ያምራል። እየዘለለ ይቆርጣል። ግን ደሙ ይረጫል። ካህን ደም አያፈስም፤ በጌም ሲሆን ይፈቀዳል የሚል ደግሞ የትም አላነበብሁም። ይታይሽ ደሙን ማጥፋት ይቻላል አለች። ሰይፉ አይጠፋማ! ተውሁት።

ሯጩ ራሱ ይሮጣል። የኔ ሥራ በአንድ ጣት መንካት ብቻ፤ ይዘልላል። አንዴ ቁጭ ብዬ ሦስት ደረጃ አለፍሁ። ደስ ይላል።

ባለ መዶሻው ክፉ ነው። ግራ አውራ ጣት ያስኬዳል፣ ቀኝ አውራ ጣት ያዘልላል፤ እሱኑ ቀኝ ተጭነው ካልያዙት ደግሞ ግንቡን አይሰብርም። የመጀመሪያውን ጉድጓድ እንኳ አላለፍሁም። ጌም ነው ወይስ ንስሐ?

ሯጩ ይሁን። ነገ ይጫንልኛል።

ኅዳር 9

አልተጫነም። ጦጣዋ ከመጥፋቷ በፊት ችሎታዬን ላሳያት ብዬ ለይታይሽ አንድ ደረጃ ደገምሁላት። ስልኩን ትታ እጆቼን አየች። ከዚያ ቀኝ እጅዎ የት ነው አለችኝ።

አየሁ። ጭኔ ላይ ተኝቷል። ስልኩን ጉልበቴ ላይ አስተኝቼ፣ በግራ አመልካች ጣቴ በቀኝ በኩል ወዳለው የመዝለያ ቁልፍ እየተሻገርሁ ነው ለካ የምዘልለው። ከመቼ ጀምሮ? ጣቴ ባመመኝ ቀን፣ ለዛሬ ብቻ ብዬ ነበር። ያ ዛሬ ወር ሞላው። ጦጣዋን ልጆቿ ዘንድ ያደረሰች ግራዬ ናት።

ልጄን ተቆጣኋት። አርፈሽ ሥራሽን ሥሪ አልኋት። እሷ ምን አጠፋች? አፍሬ ነው።

ኅዳር 13

ወ/ሮ ስመኝ መጡ፤ የአጥቢያችን ሰው፣ አሮጊት ናቸው። ገበያ ወጥተው ሊጠይቁኝ። ይባርኩኝ አባቴ ብለው አጎነበሱ። መስቀሌን ላወጣ ቀኜን ወደ ኪሴ ሰደድሁ። ነካሁት። ጣቱ አልጨብጥ አለ። በቃል ብቻ ባረክኋቸው። እሳቸው ግን ሊሳለሙ እንዳጎነበሱ ጠበቁ። ቆዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ቀና አሉ።

ቤተ ክርስቲያናችን ያለነው ሁለት ቄስ ብቻ ነን። በአንድ ቄስ አይቀደስምና እኔ ከሌለሁ ቅዳሴ ይታጎላል፤ ይኸው ሦስተኛ ወሩ። የልጅ ልጃቸው አርባ ቀኑ ሞልቶ ክርስትና ለማስነሣት ሌላ ደብር ድረስ፣ የሦስት ሰዓት መንገድ፣ በጀርባ አዝለውት ሄዱ። በወቀሳ አልነገሩኝም፤ የሀገር ወሬ አድርገው ነው። ሲወጡ ግን፣

“ለልደት ይደርሱልናል አይደል አባቴ?” አሉ።

እደርሳለሁ አልሁ። ቄስ ዋሸ። ወይም ገና አልዋሸም፤ በእጄ ነው ያለው።



ኅዳር 14፣ ጠዋት

ነገ ጾመ ነቢያት ይገባል። ዛሬ ይታይሽን ይቅርታ ጠየቅኋት። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ብላ ሳቀችብኝ፤ አምስት ቀን ሙሉ አኩርፌ እንደ ነበር የማታውቅ መስሎኝ ነበር እንዴ? ሁሉንም ታውቃለች።

ስመርጥ የከረምሁት የማሸንፈውን ነው፤ ደብተሬ። ሰው አይቶኝ ጎበዝ የሚለኝን። ሐኪሙ አሸንፍ አላለኝም፤ ጣትህን አሠራው ነው ያለኝ። ሯጩን ብጭን እስከ ልደት መቶ ደረጃ እጨርስ ነበር፤ መስቀሉም ከኪሴ አይወጣም።

ጦጣዋን አጠፋሁ። ትንሽ አዘንሁላት። ባለ መዶሻው ገባ።

ከጠዋቱ 4 ሰዓት

ስልኩን ጉልበቴ ላይ አላስተኛም። በሁለት እጅ ወደ ላይ። አውራ ጣቴ ከሥሩ ይነድዳል፤ ሁለቴ አስቀምጬው ተነሣሁ፣ ሁለቴ ተመለስሁ። እስካሁን አሥራ አንድ ጊዜ ጉድጓድ ገባሁ። አሥራ አንዱንም በቀኝ።