አሥራ ሁለቱ ጠርሙሶች

ሰኞ፣ ጥቅምት 3
ስብሰባ። ሦስት ሰዓት ሙሉ። ኮሌጁ ዘንድሮ “ዘርፈ ብዙ ምርምር” የሚባል ነገር አምጥቷል... የተፈጥሮ ሳይንሱም ማኅበራዊ ሳይንሱም ባንድ ይሥራ ነው። ያምናዎቹን የጥናት ርእሶች አነበቡልን። አንዱ የዶሮ ላባ ሲሚንቶ ውስጥ ከቶ ጡብ ሠርቷል። ሌላው የሠርግ ድንኳን ለጉርብትና ስላለው ጥቅም ጽፎ ተሸልሟል። አንዷ የታክሲ ረዳቶች ተሳፋሪን ምን እያሉ እንደሚጠሩ ስትቆጥር ከርማለች። ለዚህ ነው የተማረችው? ሁሉም ምርምር ይባላል አሉ። እኔም አጨበጨብኩ።

ለእኔ የለቡ ጉድጓድ ውሃ ደረሰኝ። ደህና፣ ኬሚስት ነኝ፣ ሥራዬ ነው። ግን ናፍቆትን ለጠፉብኝ። ሶሺዮሎጂ። “እሷ ሰዎቹን ታናግራለች፣ አንተ ውሃውን ትመረምራለህ” አለኝ የምርምር ኃላፊው ዋቅቶላ። ውጤቱ ለውሃ መሥሪያ ቤት ይላካል። ጉድጓዱ መጥፎ ከሆነ፣ ከሱ ለሚቀዱት አምስት ቤቶች ዘንድሮ ቧንቧ ይገባላቸዋል። ይህን ለማወቅ ወሬ ምን ያደርጋል?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8
ለቡ ሄድን። ከአዳዲሶቹ ፎቆች ጀርባ አንዲት ቁራጭ የጤፍ ማሳ ቀርታለች። ባለቤቷ እማማ ጫልቱ የድሮ የሰፈሩ ገበሬ ናቸው። ጉድጓዱም የሳቸው ነው። አሥራ ሁለት ጠርሙስ ሰጠኋቸው። “በየሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት አንዷን ከጉድጓዱ ሞልተው ይጠብቁኝ” አልኳቸው። በየሳምንቱ ገመድ ስጎትት ልኖር ነው እንዴ?
“እሺ የኔ ልጅ። ትንሽ አረፍ አትልም?”
ጊዜ የለኝም። ናፍቆት ግን የሆነ ቦታ ስትዞር ቆይታ መጣችና በርጩማ ስባ ቁጭ! ስለ ላሞቻቸው... ስለ ልጃቸው ስለ ሶሬቲ ትዳር... ጥያት ተመለስኩ። ሦስት ሰዓት ቆየች አሉ። ይሄን በደመወዝ!

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18
የመጀመሪያው ውጤት። ባክቴሪያ የለም። የፍሳሽ ምልክት የሆነው ናይትሬትም ከምንም አይቆጠርም። ትንሽ ክሎሪን አለው... ክሎሪን ከየት መጣ? ጉድጓዱ ውስጥ መድኃኒት ይጨምራሉ ማለት ነው። ጎበዞች። ጽፌው አለፍኩ።
ናፍቆት ደወለች። “ስለ ጉድጓዱ የነገሩኝ ነገር አለ።” በኢሜይል ላኪው አልኳት። ላከችው። አርባ ገጽ! ማን ያነበዋል?

ሰኞ፣ ኅዳር 8
አራት ጠርሙስ፣ አንድ ዓይነት ውጤት። ቁጥር አይዋሽም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 24
አሥራ ሁለቱን ጠርሙስ አልጠበቅኩም፣ ስድስቱ ይበቃሉ፤ የኔ ሪፖርት ተላከ። “የጉድጓዱ ውሃ ለመጠጥ ምቹ ነው።” አሥራ አንድ ሠንጠረዥ። የናፍቆት ምዕራፍ ገና ነው፣ እያዳመጠች ነዋ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 16
ከውሃ መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ መጣ። አምስቱ ቤቶች ከዘንድሮው የቧንቧ ዝርዝር ወጥተዋል፣ በኔ ሪፖርት መሠረት። ዋቅቶላ እጄን ጨበጠኝ። “ሥራ ላይ የዋለ ጥናት!” የድንኳኑ ሰውዬ መጥቶ ይማር።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 19
ገብርኤል ነው። ከብስራተ ገብርኤል ዛሬ በመኪና መውጣት አይታሰብም። ቤት ዋልኩ። ሁለቱን ምዕራፎች እንዳገጣጥም ስለታዘዝኩ ናፍቆት ያኔ የላከችውን አርባ ገጽ ከፈትኩ። ገጽ ሠላሳ አንድ፣ እማማ ጫልቱ ናቸው፦
“ጉድጓዱ ከክረምት ወዲህ ይሸታል። እኛስ ለምደነዋል፣ እንጠጣዋለን። ለእንግዳ ግን ያሳፍራል። ሶሬቲ ከጀሞ ኮንዶሚኒየም በባጃጅ የቧንቧ ውሃ በጀሪካን ታመጣልኛለች። የእንግዳ ውሃ እሷ ናት።”
ክሎሪኑ የቧንቧው ነበር...
ናፍቆት ጋ ደወልኩ። ጠርሙሱን እማማ እንደሚሞሉት ነገርኳት። “ራስህ የምትቀዳ መስሎኝ ነበር እኮ!” አለች። ማንም ሰው እንደዚያ ነው የሚመስለው።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 20
ለቡ። ጠርሙሱን ከየት ነበር የሚሞሉልኝ አልኳቸው።
“ከጀሪካኗ ነዋ።”
“ከጉድጓዱ ብዬ ነበር እኮ፣ እማማ።”
“ብትልስ? ቤቴ ድረስ ለመጣ ሰው የሚሸት ውሃ አስይዤ ልሸኝ?”
ገመዱን ወስጄ ራሴ ቀዳሁ። ላብራቶሪ መውሰድም አያስፈልገውም ነበር፣ አፍንጫ ይበቃል። ይሄ አፍንጫ ጥቅምት 8 የት ነበር? ከጉድጓዱ አሥር እርምጃ ርቄ ቆሜ ሰዓቴን አያለሁ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 24
ባክቴሪያው ሞልቷል። ናይትሬቱ ከልክ በላይ። ሪፖርቴን ሰርዣለሁ የሚል ደብዳቤ ጻፍኩ፣ “ናሙናውን ራሴ አልቀዳሁም፣ ክሎሪኑንም ከየት እንደመጣ አልጠየቅኩም” ብዬ። “ኮሌጁን ልታሳፍር ነው?” አለ ዋቅቶላ። አዎ። መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤውን ተቀበለ። የዘንድሮው ዝርዝር ግን ተዘግቷል፣ ለከርሞ ይታያል ተባለ። ለከርሞ! እስከዚያ ምን ሊጠጡ ነው?

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 25
ከቤቴ ቧንቧ ሁለት ጀሪካን ሞልቼ ሚኒባስ ያዝኩ። “ፋዘር፣ ጀሪካኖቹም ይከፍላሉ” አለኝ ረዳቱ። ፋዘር? መቼ ነው ፋዘር የሆንኩት? ያቺ የረዳቶችን አጠራር ያጠናችው ልጅ ቆጥራው ይሆናል፣ እጠይቃታለሁ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። እማማ ጫልቱ ጀሪካኖቹን አይተው መረቁኝ። መመረቃቸው ባሰብኝ። ሶሬቲ ጓዳ ገብታ በብርጭቆ ውሃ ይዛ ወጣች። ቢጫ። ፊቴ አስቀመጠችው።
“ይጠጡ እንጂ ዶክተር። ለመጠጥ ምቹ ነው ብለው የለ?”
ብርጭቆውን አነሳሁት። እጠጣው ነበር መሰለኝ... እንጃ። እማማ ከእጄ ነጠቁኝ። ደጅ ደፍተው፣ ብርጭቆውን አለቅልቀው፣ ከራሳቸው ጀሪካን ቀዱልኝ። እኔ ካመጣሁት እንኳን አይደለም።
“እንግዳ ነው እኮ!” አሏት ልጃቸውን ተቆጥተው።
በርጩማው ላይ ቁጭ ብዬ ጠጣሁት።