በሰም የታሸገው ጓል

ውድ ደርቤ፣

ይህን ደብዳቤ የምታነብልህ ልጅህ ዘቢደር እንደምትሆን አውቃለሁ፤ ዓይንህ እንደ ደከመ ሰምቻለሁ። ዘቢደር፣ ልጄ፣ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢለት። የማያምር ቃል ብታገኚም አትዝለዪ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት አልጻፍኩልህም። እናስታርቃችሁ ያሉኝን ሁሉ «እሱ ይምጣ» እያልኩ መልሻለሁ። ዛሬም የምጽፈው ልቤ ስለ ለሰለሰ አይደለም። በአንተ ነገር ስለ ዋሸሁ ነው።

የውኃ ጉድጓዱን የቆፈርንበትን ዕለት ታስታውሳለህ። ከረግረጉ ዳር፣ አንተ ከታች ትቆፍራለህ፣ እኔ ከላይ አፈሩን በገመድ እስባለሁ። አራት ክንድ ያህል እንደ ወረድክ ድንገት የዶማህ ድምፅ ጠፋ።

«ምነው፣ ሞትክ እንዴ?» አልኩህ።

«ውረድና እይ፣ ሊቁ!»

በጥቁር አፈርና በጥቁር አፈር መካከል መዳፍ የሚያህል ግራጫ መስመር ነበር፣ እንደ ዱቄት የላመ። በጣቶችህ አሸት አደረግኸው። «ይህ የእንጨት አመድ አይደለም፣ እንደ መስታወት ድቃቂ ይቧጥጣል። ምድር ከሆዷ የተፋችው ነው» አልክ። እኔ ደግሞ፣ እዚህ ደን ነበረ፣ ሰው አቃጠለው፣ አመዱም የዚያ ነው አልኩ። ማን ነገረህ ብትለኝ «አንብቤአለሁ» ብዬ አፍህን አስያዝኩህ።

የዚያኑ ዕለት ከላይ ጥቁር፣ ከመካከል አመድ፣ ከታች ጥቁር ያለበትን አንድ ጓል በማጭድ ቆርጠህ አወጣህ። ቤትህ ወስደህ በቀለጠ ሰም ነከርከውና አምጥተህ ለእኔ ሰጠኸኝ። «የሚያውቅ ሰው እስኪመጣ አንተ ዘንድ ይቀመጥ። እኔ ዘንድ ከሆነ ነካክቶታል ትላለህ።»

አውቀኸኝ ነበር።

ቀጥሎ የሆነውን በአለቃ ወልደ ሩፋኤል ቤት ማኅበርተኛው ሁሉ አይቷል። አንተ ስለ ጉድጓዱ ስታወራ ሰዉ ሁሉ እህል ውኃውን ትቶ አንተን ያዳምጥ ነበር። እኔ ስናገር እንዲህ ሰምተውኝ አያውቁም። ቀናሁ። «ፊደል ያልቆጠረ ሰው ምድርን ሊያነብልን ነው?» አልኩ። አንተ ጽዋውን ወደ አፍህ ካስጠጋህ በኋላ መልሰህ አስቀመጥከው። «ተጣልቶ የማርያም ጽዋ አይጠጣም» ብለህ ወጣህ። በወሩ ቀፎህን ሁሉ ሸጠህ ደብረ ማርቆስ ልጅህ ዘንድ ገባህ። እኔ ጉድጓዱን ብቻዬን ደፈንኩት።

አሁን «አንብቤአለሁ» ያልኩህን ልንገርህ። መጽሐፍ አልነበረም። ማንበብ የተማርኩት ግድግዳዬ ላይ ከተለጠፈው ጋዜጣ እንደ ሆነ ታውቃለህ። ስለ ደንና ስለ አመድ የሚያወራውም እዚያው ነበር፣ ከምድጃው በላይ። የጽሑፉ ግማሽ ግን ከወረቀቱ ጀርባ ነው፤ ወደ ጭቃው ዞሮ ተለጥፏል። በግማሽ ጽሑፍ ነው ያዋረድኩህ።

ባለፈው ግንቦት ሂዊ የምትባል ወጣት ከዩኒቨርሲቲ መጣች። ድሮ ረግረግ የነበረበትን ቦታ ትፈልጋለች። በረግረጉ ላይ ዛሬ ድንጋይ ተደልድሎ መኪና ይሄድበታል።

«ምን ሊያደርግልሽ ነው?» አልኳት።

«የጥንት አበባ ብናኝ እፈልጋለሁ፣ አባባ። ጭቃ ውስጥ ከተቀበረ ሺህ ዓመትም አይበሰብስም።»

እኔ በልቤ፣ የደርቤን ስሕተት የምታረጋግጥልኝ ሰው መጣች አልኩ። ጓሉን ከሣጥኔ አውጥቼ ሰጠኋት።

በሰኔ አስጠራችኝና ደብረ ማርቆስ ሄድኩ። በማይክሮስኮፕ አሳየችኝ። መጀመሪያ አመዱን አየሁት፤ ስለታም ብርጭቅጭቅ ነው።

«መስታወት ነው፣ አባባ» አለችኝ። «ከእሳተ ገሞራ የወጣ፣ ነፋስ ከሩቅ ያመጣው።»

ቀጥሎ ብናኙን አየሁ፤ ድቡልቡል ነገር፣ ላዩ እንደ መረብ የተሠራ። የወይራ ነው አለችኝ። ከአመዱ በታች ወይራና ጥድ ሞልቷል። ከአመዱ ልክ በላይ ዛፉ ጠፍቶ ሣር ብቻ ነው። የደን ቃጠሎ ቢሆን የከሰል ፍንካች ይገኝ ነበር፣ የለም አለች።

«ታዲያ ዛፉ እንደ ጠፋ ቀረ?»

«አልቀረም። ወደ ላይ ከፍ ሲሉ ወይራው ጥቂት በጥቂት ይመለሳል።»

ያን ጊዜ የቁይ ገበያ መንገድ ታወሰኝ። ማር ጭነን ስንሄድ አንዲት ንብ በመዳፍህ ይዘህ፣ እግሯ ላይ ያለውን ብጫ ነገር እያየህ «ይህች ከሱፍ ማሳ ናት፣ ያቺ ከግራር» ትለኝ ነበር። «ከየት እንደ መጣች አፏን ሳይሆን እግሯን ጠይቃት» ትላለህ። እኔ እስቅብህ ነበር። ልጅቱ በምድር ላይ የምትሠራው አንተ በንብ ላይ ስትሠራው የኖርከውን ነው።

ከዚያ ሂዊ ጠየቀችኝ። «እንዲህ አድርጎ ያሸገው ማን ነው? የውጪውን ሰም ስልጠው ውስጡ ትናንት የተቆረጠ ይመስል ነበር።»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ከአፌ እንዴት እንደ ወጣ አላውቅም። እሷም ጓሉን ባስቀመጠችበት ካርቶን ላይ ስሜን ጻፈች።

ቤቴ ተመልሼ ሁለት ሳምንት ቆየሁ። ከዚያ እንደገና መኪና ይዤ ሄድኩ።

«ልጄ፣ ስሜን ፋቂው።»

«ምነው፣ አባባ?»

«ሌባ ስለ ሆንኩ።»

ሳቀች። ፊቴን ስታይ ተወችው። ስምህን ነገርኳት፣ «ደርቤ፣ ንብ አናቢ» ብላ ጻፈች።

«የተማሩ ሰው ናቸው?»

«ፊደል አልቆጠረም። ያነበበው ግን እሱ ነው።»

ከዚያ በባጃጅ በቤትህ በኩል አለፍኩ። ደጅህ ላይ ጋቢህን ለብሰህ፣ ፊትህን ወደ ፀሐይ አዙረህ ተቀምጠሃል። ባለ ባጃጁ «ልቁም?» አለኝ። ንዳ አልኩት። ሰባ አራት ዓመት ሞልቶኝ ከባጃጅ መውረድ አቃተኝ። ስለዚህ ነው የምጽፍልህ።

ጥቅምት ሃያ አንድ የማኅበሩ ተራ የእኔ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ካንተ ተጣልቼ ጽዋውን ጠጥቻለሁ፤ ማንም አልከለከለኝም፣ አፌን ስለሚፈሩ። የዚያን ዕለት ያልኩህን ቃል በዚያው ሰዉ ፊት እደግመዋለሁ፣ ቀጥዬም ሐሰት እንደ ነበረ እናገራለሁ። ብትመጣም ባትመጣም እናገራለሁ። ጽዋውን ግን አንተ ሳትጠጣ አልጠጣም። ዘንድሮ ካልመጣህ ለከርሞ፣ ለከርሞም ካልሆነ እስክሞት። ድርቅናዬን ታውቀዋለህ፤ ለአንድ ቀን እንኳ ለመልካም ነገር ይዋል።

ዘቢደር፣ እዚህ ስትደርሺ አባትሽ ዝም ካለ፣ ከ«ፊደል አልቆጠረም» ጀምረሽ ድገሚለት።

ጽዋህን ሞልቶ የሚጠብቅህ
ደመላሽ
ከዲማ