ሠላሳ ሁለተኛዋ ኳስ

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 4

ጠዋት ክፍል። ከሰዓት ቢሮ። የኮሌጃችንን የወንዶች ቅርጫት ኳስ ቡድን የመቶ ዓመት መዝገብ እያጠራሁ ነው። ማን ስንት አገባ፣ ስቶ የተመለሰውን ኳስ ማን ስንቴ ነጠቀ... ይህ የተራራ ሕዝብ ከማግባቱ ይልቅ መንጠቁን ይወዳል። በአንድ ጨዋታ ሠላሳ አንድ፦ ኦርቪል ስታምፐር፣ 1962። የደረሰበት የለም። ሽማግሌው እዚሁ ኬንታኪ አለ። የከሰሉ ጉድጓድ ሳንባውን በልቶታል አሉ።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 9

በግራ እጄ ነው የምጽፈው።

ትናንት የኛው ኮልቢ ቶሊቨር ሠላሳ አንድ ነጠቀ። ከኦርቪል እኩል። መጨረሻ ላይ አንዲት ኳስ ተመለሰች፤ የያዛት ግን የቡድን ጓደኛው ኤምሪ ነው። ለኤምሪ ጻፍኩ። መዝጋቢዋ እኔ አይደለሁ?

ሲያልቅ ኮልቢ መልበሻ ክፍሉ በር ላይ ጠበቀኝ።

«ስጪኝ።»

«የኤምሪ ናት።»

«ለገዛ ቡድንሽ ልጅ አንዲት ኳስ? ሌላ ቦታ እኮ ዝም ብለው ይሰጣሉ!»

«እንግዲያው ሌላ ቦታ ሄደህ ተጫወታ።»

ቀኝ እጄን መቃኑ ላይ ያዘና በሩን በላዩ ድርግም አደረገው። ከፈተና ደገመው። አጥንቴ እንደ ጭራሮ ሲንቋቋ ሰማሁ። በግራዬ የብረት ሰሌዳዬን አንስቼ አፍንጫውን አልኩት። ደሙ ጫማዬ ላይ አለ። አላጥበውም።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 10

አሰልጣኝ ፐርቪስ አስጠራኝ።

«ዊላ፣ ልጄ፣ በሩን የዘጋው ነፋስ ነው።»

«ነፋሱ ቁመቱ ሁለት ሜትር ነው?»

አልሳቀም። «ቅዳሜ ኦርቪል መጥቶ ለኮልቢ የክብረ ወሰኑን ኳስ ያስረክባል። ጥሪው ወጥቷል። ሠላሳ ሁለት ብለሽ አስተካክዪ። የነፃ ትምህርትሽም ይቀጥላል።»

ድምፁ እንዴት ይለሰልሳል... ተነስቼ ወጣሁ። ፖሊስ ጣቢያ። ሳጅኑ የቡድኑን ኮፍያ አድርጓል። «ውድድሩ ካለቀ በኋላ ብትመጪስ?»

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 13

መዝገቡን ራሳቸው ቀየሩት። ሠላሳ ሁለት።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 15

አዳራሹ ጢም ብሏል። ኦርቪል በተሽከርካሪ ወንበር፣ ኳሱ ጭናቸው ላይ። ኮልቢ እጁን ዘረጋ። እኔ ወደ መሐል ሜዳ ሄድኩ። ማን ያቁመኝ?

«ሚስተር ኦርቪል፣ መዝጋቢዋ ነኝ። ኮልቢ የያዘው ሠላሳ አንድ ነው።»

ማይኩ ደረታቸው ላይ ነበር። ሕዝቡ ሁሉ ሰማ።

«እጅሽን ምን ነካው፣ የኔ ልጅ?»

«ሠላሳ ሁለት ስላላልኩ እሱ ሰበረው።»

ሽማግሌው ኳሱን ጥርቅም አድርገው አቀፉት። «ውሰድ እንግዲህ» አሉት፣ «መንጠቅ ከቻልክ።»

ከዚያ ከተመልካቹ የመጠጥ በረዶ ዘነበብን። ጠርሙስ። አንዱ ቅንድቤን ፈነከተኝ። ኮልቢ ዘሎ አንገቴን አነቀ... ዓይኔ ጠቆረ። ክንዱን ነከስኩት፣ አልለቅም አልኩ፣ ጨው ጨው አለኝ። ኤምሪ ነው ከኋላ ጎትቶ የጣለው። ያው ሳጅን፣ ከነኮፍያው፣ ለኮልቢ ካቴና አስገባለት። በሰው ሁሉ ፊት ምን ይበል?

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 18

መስኮቴን በጡብ ሰበሩት። ገበያ ላይ አንዲት ሴትዮ «የልጁን ዕድል ገደልሽ!» ብላ ፊቴ ላይ ተፋች። በጥፊ አልኳት። ይቆጨኛል? አይቆጨኝም።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 26

ኮልቢ ተባረረ፣ ክስ አለበት። ፐርቪስ «እረፍት» ወጣ። መዝገቡ ወደ ሠላሳ አንድ ተመለሰ። ቅዳሜ ወንበርሽ ላይ ተመለሺ አሉኝ። እፈራለሁ? እሄዳለሁ።

ቅዳሜ፣ ማርች 1

ስገባ ግማሹ ጮኸብኝ። ቀና ብዬ ተቀመጥኩ። በአንድ ነጥብ ተሸነፍን።

ሲያልቅ ኤምሪ ላቡ እየተንጠባጠበ ወደ ጠረጴዛዬ መጣ። እጄን ከጠረጴዛው ላይ አነሳሁ፤ ሳላስበው።

አየና ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ቆመ።

«ዊላ፣ የዛሬዋን የመጨረሻ ኳስ ለኔ ጽፈሻል?»

«አዎ።»

«የኔ አይደለችም። የተጋጣሚዎቻችን ልጅ ነው ቀድሞ የያዛት። ሰርዢያት።»

ሰረዝኳት።