ቀፎዎቹና አንቀጽ ዘጠኝ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3፣ ጠዋት

ቆሻሻ እለያለሁ። ወረቀት ለብቻ፣ ፕላስቲክ ለብቻ። ጎረቤቴ በመስኮት ትጠብቀኛለች። ሆን ብዬ ጠርሙስ ወደ ወረቀቱ አስጠጋሁና መለስኩት። ጉሮሮዋን ስትጠርግ ሰማሁ። ቀኔ በራ።

ደብተሬ፣ ዛሬ ትልቅ ሰው ነኝ። ታላቅ ወንድሜ ኃይሉ አገር ቤት፣ ከፋ ውስጥ፣ የደን ማኅበራቸው ሊቀ መንበር ነው። እዚህ ጭስ የሚያወጡት፣ እዚያ ጫካ ለሚጠብቁት ሊከፍሉ ነው። ካርበን መሸጥ ይሉታል። ገዢው እዚሁ ፍራንክፈርት። የሠላሳ ዓመት ውል። ዓርብ ይፈርማሉ። አንብብልን ብለው ላኩልኝ፤ ጀርመንኛን ከትራም ማስታወቂያ ለተማርኩት ለእኔ! አነበብኩ። ቆንጆ ነው፣ ፈርሙ አልኩት።

ረቡዕ፣ ኅ. 4፣ ከሰዓት

የእህቴ ልጅ ማርታ ከአረጋውያን መጦሪያ ሥራዋ ወጥታ ጋሉስ ሰፈር፣ ቤቴ መጣች። ውሉን አየች። አንቀጽ ዘጠኝ ላይ ቆመች። መሃለኛው ጫካ ሰው አይገባበትም ይላል።

«አጎቴ፣ ማሩን በድሮን ሊያወርዱት ነው እንዴ?»

ቀፎ ዛፍ ላይ የሚሰቀለው እዚያው መሃል ነው። አገሩ የሚኖረው በማር ነው። አንብቤው አልፌዋለሁ። እኔን ብሎ አንባቢ! ለነገ ገዢዎቹ ዘንድ ቴርሚን፣ ቀጠሮ፣ አስያዘችልኝ።

ሐሙስ፣ ኅ. 5

ገዢዎቹ ቢሮ ማርታንና እኔን የተቀበለችው ሴት ወጣት፣ ትሑት። የጫካችንን ከሰማይ የተነሳ ፎቶ ግድግዳው ላይ አሳየችን። አረንጓዴ፣ ጫፍ የለው። ሃያ ዓመት ኤርፖርት ሻንጣ ስጭን፣ የአውሮፕላኖቹን ጭስ ይሄ ነበር የሚጠጣልኝ? መቀለድ አቃተኝ።

መሃሉን በጣቷ ከበበች። እዚህ ማንም የለም አለች። ለኃይሉ ደወልኩ፣ ድምፁን ለሁሉም ከፈትኩት። የዛፎቹን ባለቤቶች ቁጠርላት አልኩት። ጀመረ። ከወንዙ ማዶ ያለው ቀረሮ የወልዴ፣ ሦስት ቀፎ። ከሱ በላይ ያለው ዋንዛ የአስካለ፣ ከባሏ የወረሰችው። ማርታ ትተረጉማለች፣ ሴትየዋ ፎቶው ላይ ነጥብ ታደርጋለች። አንድ ሰዓት ሙሉ። ወረቀት ሲያገላብጥ አልተሰማ፣ አልተደናቀፈ። ባዶ የተባለው መሃል በነጥብ ሞላ።

መጨረሻ ላይ ኃይሉ፦ «ከፏፏቴው በላይ ያለው ትልቁ ቀረሮ፣ አባታችን ለታናሽ ወንድሜ የተወለት፤ እስኪመጣ እኔ እሰቅልበታለሁ» አለ።

ማርታ ይቺን አልተረጎመችም። ታናሹን፣ እኔን አየችኝ።

ዓርብ፣ ኅ. 6፣ ጠዋት

አልተፈረመም። ሴትየዋ አንቀጽ ዘጠኝን ከነነጥቦቹ ወደ አለቆቿ መልሳለች። ይውጣ አይውጣ አልታወቀም። እስኪወጣ እንዳትፈርሙ፣ ስህተቱ የኔ ነው አልኩት ኃይሉን። ሳቀብኝ።

ጥር ላይ ወደ ከፋ እሄዳለሁ። ማርታ፣ በዚህ ዕድሜዎ ዛፍ ሊወጡ ነው ወይ ብላ ታሾፋለች። እወጣለሁ። የምሄደው በአውሮፕላን ነው፣ ከነጭሱ። ዛፌ ይቅር ይበለኝ።