የአባቴ ድምፅ በአንተ አፍ

ውድ ቺጂየን፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ብቻ ነው። አንብበህ ስትጨርስ ቃሉን መልሰህ ብትልክልኝ አልቀየምህም።

ነገ ቺንግሚንግ፣ የሙታን መቃብር የሚጠረግበት ቀን ነው። እንደ ሰው ሁሉ መጥረጊያዬንና የሚቃጠለውን ወረቀት ይዤ ወደ አባቴ መቃብር እወጣለሁ። ዘንድሮ ግን ከመውጣቴ በፊት፣ ጠዋት በሦስት ሰዓት፣ አንድ ቪዲዮ ኢንተርኔት ላይ እለቅቃለሁ። አራት ደቂቃ ነው። ዋናው ተዋናይ አንተ ነህ።

የዛሬ ስድስት ዓመቱን ሐምሌ ረስተኸው ከሆነ ላስታውስህ። ያን ጊዜ አገር ሁሉ የሚያወራለትን የንጉሥ ፊልም ቆራርጠን፣ ድምፁን አጥፍተን ሌላ ወግ አለበስነው። ንጉሠ ነገሥቱ የጡረታ አበሉን ሊቀበል ይሄድና በሕይወት ለመኖርህ ማስረጃ አምጣ ተብሎ ከመስኮት መስኮት ይንከራተታል። ሐሳቡ የአባቴ ነበር፤ እሱንም በየዓመቱ ይጠይቁት ነበርና። ድምፁም የእሱ ነበር። በጥጥ ፋብሪካው ድምፅ ማጉያ ሃያ ዓመት ሠራተኛውን ለፈረቃ ሲጠራ ለኖረ ሰው ንጉሥ መሆን አልከበደውም። እኔ ቆረጥኩ፣ እኔ ቀጠልኩ።

የአንተስ ሥራ ምን ነበር? ማይክራፎናችን የመንገዱን ጫጫታ ሁሉ ስለሚለቅም አባቴን የክረምት ጥጥ ብርድ ልብስ እናከናንበው ነበር፤ ያውም በከተማችን በሄንግያንግ የሐምሌ ሙቀት። አንተ ደጅ ቆመህ አሮጌ ዕቃ የሚገዛውን ላኦ ፔንግን ሲጋራ እየጋበዝክ ታዘገየው ነበር፤ የጋሪው ድምፅ ማጉያ ቀረጻችን ውስጥ እንዳይገባ። በቃ፣ ሥራህ ይሄው ነበር። እሱንም አልተወጣኸውም። አንድ ቀን ሲጋራ አለቀብህና ሦስተኛው ደቂቃ ላይ፣ ከንጉሡ ንግግር ሥር፣ የላኦ ፔንግ «ያረጀ ፍሪጅ፣ ያረጀ ቴሌቪዥን» ገባ። አባቴ ዳግመኛ ለመቅረጽ ትንፋሽ ስላልነበረው ተውነው።

ኢንተርኔቱ እዚያ ይፈጥናል ብለህ ቪዲዮውን ልትለቅ ወደ ትልቁ ከተማ፣ ወደ ቻንግሻ ሄድክ። በሳምንቱ ያላየው ሰው አልነበረም። የተመልካቹ አስተያየት የንጉሡ ፊት እስኪሸፈን ድረስ በስክሪኑ ላይ ይንሳፈፍ ነበር። አባቴ የማጆንግ ጨዋታ ጓደኞቹን አራቱንም ሰብስቦ ኢንተርኔት ቤት ወሰዳቸው። ሳቁ፣ ጉልበታቸውን መቱ። ከዚያ መጨረሻው መጣ። «ድምፅና ዝግጅት፦ ታንግ ቺጂየን» ይላል። አራቱም አባቴን አዩት። እሱ «ቺጂየን ተጣድፎ ነው» አላቸው። ስደውልልህ፣ ድረ ገጹ ቆርጦት ነው፣ ነገ አስተካክላለሁ አልከኝ። እኔ በወሩ ተስፋ ቆረጥኩ። አባቴ ግን እስኪሞት ድረስ ያንን ቪዲዮ ባየ ቁጥር መጨረሻውን ሳያይ አይነሳም ነበር።

ባለፈው መከር ሲሞት አልመጣህም። የአበባ ጉንጉን ላክህ። የላኪው ስም በጥብጣቡ ላይ ከሟቹ ስም ሁለት እጥፍ ገዝፎ ተጽፏል። ለቀባሪው ስል ቻልኩት።

ባለፈው ወር ደግሞ በቴሌቪዥን አየሁህ። ጋዜጠኛዋ ያንን ሽማግሌ ድምፅ እንዴት አመጣኸው ብላ ጠየቀችህ። አንተም እግርህን አነባብረህ፣ ሦስት ወር ጨው ውሃ እየተጉመጠመጥኩ፣ ትንኝ እንኳ በማይሰማበት ስቱዲዮ ተቀርጬ አልክ። ሽማግሌውስ ማን ነው ስትልህ ፈገግ ብለህ፣ «የፈጠራ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው የለም» አልክ።

እንዲህ ያለ ሰው የለም። ያን ቀን ጠላሁህ። እስከዚያ ድረስ ቅር ብሎኝ ብቻ ነበር።

አባቴ በጨረቃ በዓል ኬክ ቆርቆሮ ውስጥ ያስቀመጠውን ያልተቆረጠውን የመጀመሪያ ቀረጻ አወጣሁ። ሳሉም፣ ሳቁም፣ ከብርድ ልብሱ ሥር ሆኖ ያለህም አለ፦ «ቺጂየን፣ መጨረሻ ላይ ስሜን በትልቁ ጻፍልኝ፤ ጓደኞቼ ዓይናቸው ደካማ ነው።» አንተም «እሺ አባባ፣ ስክሪኑን እስኪሞላ» ስትል ይሰማል።

ከዚያ ያስተማርከኝን ሳይሆን አብረን የተማርነውን ሠራሁ። ቃለ መጠይቅህን ወስጄ ድምፅህን አጠፋሁና የአባቴን አለበስኩህ። ከንፈርህን ከቃሉ ጋር ለማጋጠም አሥራ አንድ ቀን ፈጀብኝ፤ ደግነቱ አንተ ስታወራ አፍህን በደንብ ትከፍታለህ። አሁን ጋዜጠኛዋ ትጠይቅሃለች፣ አንተም እግርህን እንዳነባበርክ በአባቴ ድምፅ «ስሜን በትልቁ ጻፍልኝ» ትላለህ። ቀጥሎ ላኦ ፔንግ ከጋሪው አጠገብ ቆሞ፣ ትንኝ በማይሰማበት ስቱዲዮህ ውስጥ ፍሪጅ ሲገዛ የተሰማው እሱ መሆኑን ይናገራል። በጣም ያስቃል። እኔ አልሳቅኩም።

ከመልቀቄ በፊት አንድ ሰው ማየት ነበረበትና ትናንት ወደ እናትህ ወጣሁ። ያው እዚሁ የፋብሪካው ሕንፃ፣ አራተኛ ፎቅ ናቸው። እንዳላሳፍራቸው ብዬ እምቢ ካሉ ልተወው ወስኜ ነበር፤ አንተ ግን ለዚህ አታመስግነኝ። የሚልጡትን ባቄላ አስቀምጠው እስከ መጨረሻው አዩ። ድገሚው አሉኝ። ደገምኩት።

«አፉ የልጄ ነው» አሉ። «ድምፁ የአባትሽ የደሹን ነው። ሃያ ዓመት ለፈረቃ የቀሰቀሰኝን ድምፅ አጥቼው?»

ምን ላድርግ እናቴ አልኳቸው። ባቄላቸውን መልሰው አነሱ።

«ልቀቂው» አሉ።

መጨረሻው ላይ ስክሪኑ ይጠቁርና አንድ ስም ብቻ ይመጣል፤ ሉኦ ደሹን። ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ነው፣ ግማሽ ደቂቃ ይቆያል። ከሥሩ ላኦ ፔንግ ይጮሃል፤ እሱን ሆን ብዬ ነው የተውኩት።

ዋሽታለች ማለት ከፈለግህ መንገዱ ቀላል ነው። ንጉሡ መስኮቱ ጋ የሚላትን ቃል ታውቃታለህ፦ «ይኸው ቆሜያለሁ፤ ለመኖሬ ሌላ ምን ማስረጃ ትፈልጋለህ?» ሰው ሁሉ እያየህ በቀጥታ ስርጭት ውጣና በዚያ ድምፅ አንዴ በላት። እኔም እናትህም ተቀምጠን እንጠብቅሃለን።

የሉኦ ደሹን ልጅ
ዪንፒንግ